የሞተው ማን ነው? የተሞኘውስ?

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

ለዚህ እትም የመረጥናቸው አምስት ደብዳቤዎች ሁሉም ስለ አንድ ዓይነት ጽሑፍ የሚጠይቁ ናቸው፤ ግድያና ተንኮል ስላለባቸው፣ ድባባቸው ስለጨለመ የውጭ አጫጭር ልብ ወለዶች። ዓመቶቹን የጻፍናቸው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ታሪኮቹን ገና ያላነበበ ሰው መጨረሻቸውን እዚህ እንደሚያገኘው ከወዲሁ ይወቀው።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የእንግሊዝኛ መምህራችን የኤድጋር አለን ፖን «የአሞንቲላዶ በርሜል» እና የሸርሊ ጃክሰንን «ሎተሪው» አንብበን ሰለባዎቹንና ምፀቱን እንድናነጻጽር አዘዙን። «ፎርቱናቶና ቴሲ ሁለቱም ያለ ጥፋታቸው የሞቱ ንጹሐን ናቸው» ብዬ ጀመርኩ፤ ከዚያ ወዲያ የምጽፈው ጠፋኝ። 800 ቃል መሙላት አለብኝ። (ተማሪ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ የምትጽፊው የጠፋሽ መጀመሪያ ያሰፈርሽው ዓረፍተ ነገር በሩን ስለዘጋብሽ ነው። «ንጹሐን ናቸው» ካልሽ በኋላ የሚቀርሽ ማዘን ብቻ ነው፤ ሐዘን ደግሞ 800 ቃል አይሞላም። በዚያ ላይ የፎርቱናቶ ንጽሕና የተረጋገጠ ነገር አይደለም። ፎርቱናቶን አሞንቲላዶ በተባለ የወይን ጠጅ አታልሎ ከምድር በታች የወሰደውና በሕይወቱ ግንብ የገነባበት ገዳዩና ተራኪው ሞንትሬሶር ሺህ በደል እንደቻለለት፣ ሲሰድበው ግን ለመበቀል እንደማለ ይነግረናል። በደሉ ምን እንደነበር፣ ስድቡ ምን እንደሚል ግን ትንፍሽ አይልም። ስለዚህ «ንጹሕ ነው» ማለትም «የእጁን አገኘ» ማለትም ጽሑፉ ያልሰጠሽን ፍርድ መስጠት ነው። አማርኛ እዚህ ላይ ሁለት ቃል ያውሰሻል፤ ተበዳይና ሰለባ። ሞንትሬሶር «ተበዳይ ነኝ» ይላል፣ ሰለባው ግን ፎርቱናቶ ነው። (በነገራችን ላይ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ተረት እዚህ ይገለበጣል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ አስራ አንዱን የግንብ ረድፍ አንድ በአንድ የሚያስታውሰው ወጊው ነው።)

ንጽሕናን ተዪውና በእያንዳንዱ ታሪክ ላይ ሁለት ጥያቄ አንሺ፦ የሞተው ማን ነው? የተሞኘውስ ማን ነው? የሞቱ ሰለባና የምፀቱ ሰለባ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ይመስላሉ፣ ግን አይደሉም። ንጽጽርሽ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ብዕር ሳትይዢ አንብቢ። ለሁለተኛ ጊዜ ስታነቢ ሁለት ቀለም ያዢ፤ በአንዱ አንቺ «ሞት ሊመጣ ነው» ብለሽ ያወቅሽበትን መስመር፣ በሌላው ሰለባው ማወቁን የሚያሳይበትን መስመር አስምሪ። በፖ ታሪክ የአንቺ ምልክት የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ያርፋል፤ በቀሉ እዚያው ታውጇል። የፎርቱናቶ ምልክት ግን መጨረሻው አካባቢ ነው። በሰንሰለት ታስሮ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ገና እንደተደረደረ ስካሩ ይለቀውና ማቃሰት ይጀምራል። ከዚያ በኋላም እንኳ «ጥሩ ቀልድ ነው» ብሎ ለመሳቅ ይሞክራል። አንባቢው ከፊት፣ ሰለባው ከኋላ ነው።

ወደ «ሎተሪው» ስትመጪ ሰልፉ ይዞራል። የመንደሩ 300 ያህል ሰዎች ሰኔ 27 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አደባባይ ሲሰበሰቡ ቴሲ ሐቺንሰን ዕጣ የወጣበት ሰው በመንደሩ ሰው በድንጋይ ተወግሮ እንደሚሞት አሳምራ ታውቃለች፤ ስትኖርበት የኖረችው ነው። የማታውቂው አንቺ ነሽ። ድንጋዩ እስኪወረወር ድረስ የምትሞኚው አንቺ ነሽ። ታሪኩ ሰኔ 26 ቀን 1948 ዓ.ም. በ«ኒው ዮርከር» መጽሔት ሲወጣ የሆነውም ይኸው ነበር። ጃክሰን በዚያ በጋ ከ300 በላይ ደብዳቤ ደረሳት፤ በደግ ያነሷት 13 ብቻ እንደነበሩ፣ እነሱም በአብዛኛው ወዳጆቿ እንደነበሩ ራሷ ተናግራለች። ከጠያቂዎቹ አንዳንዶቹ ይህ ሎተሪ የት እንደሚካሄድና ሄደው ማየት ይችሉ እንደሆነ ነበር ማወቅ የፈለጉት።

እንግዲህ ዋና ሐሳብሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊጻፍ ይችላል፦ «ፖ አንባቢውን ከገዳዩ ጎን አቁሞ ሰለባውን ያሞኛል፤ ጃክሰን ሰለባዋን ከገዳዮቹ ጎን አቁማ አንባቢውን ታሞኛለች።» ቃሉን አትቅጂው፤ በራስሽ አነጋገር አስቀምጪው።

የፎርቱናቶን ማስረጃ ለማግኘት አትቸገሪም። የስሙ ትርጉም በጣልያንኛ «ዕድለኛ» ነው። የካርኒቫል ሰሞን ስለሆነ የለበሰው የቀልደኛ ልብስ ነው፣ ባርኔጣው ላይ ቃጭል ተሰክቷል። የተያዘው በሚኮራበት ነገር፣ በወይን ጠጅ አዋቂነቱ ነው። ሞንትሬሶር ደጋግሞ «እንመለስ፣ ቅዝቃዜው ይጎዳሃል» ይለዋል፤ የሌላ አዋቂ፣ የሉክሬሲን ስም በጠራ ቁጥር ግን ሰውየው በራሱ እግር ወደ ጥልቁ ይገሰግሳል። ማንም አልጎተተውም።

የቴሲን ማስረጃ ብዙ ተማሪ በግማሽ ይተወዋል። አራት ደረጃ አለው። ዕቃ ሳጥብ ቀኑን ረሳሁት ብላ ዘግይታ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ትመጣና ታስቃለች። ባሏ እንዲያወጣ ሲጠራ «ሂድ እንጂ ቢል» ብላ ትገፋፋለች፤ ሰው ይስቃል። ዕጣው ቤቷ ላይ ሲወድቅ «ለመምረጥ በቂ ጊዜ አልሰጣችሁትም፣ ፍትሐዊ አይደለም» ትላለች። አራተኛው ነው ጽሑፍሽን ከሌላው የሚለየው፦ ያገባች ልጇ ኢቫም ከባሏ ከዶን ጋር ዕጣ ውስጥ እንድትገባ ትጠይቃለች። እናት የራሷን ዕድል ለማስፋት ልጇን ወደ ድንጋዩ ታቀርባለች። ያላገቡት ልጆቿ ድሮውንም ከሷ ጋር ዕጣ ውስጥ ናቸው፤ ለትንሹ ዴቪም በኋላ ጠጠር ይሰጡታል። «ፍትሐዊ አይደለም» የሚለው ጩኸቷ ደግሞ ራሱ ምፀት ነው፤ በአሠራሩ ካየነው ዕጣው ፍጹም ፍትሐዊ ነው፣ ለሁሉም እኩል ነው። የሚያስፈራውም እኩልነቱ ነው።

የቃሉን ብዛት እንዲህ ደልድዪው፦ መግቢያ 80፣ ስለ ፎርቱናቶ 220፣ ስለ ቴሲ 220፣ ሁለቱን ጎን ለጎን የምታቆሚበት 220፣ መዝጊያ 60። ታሪኩን መተረክ ለእያንዳንዱ ከሁለት ዓረፍተ ነገር እንዳያልፍ። መምህራን ነጥብ የሚቀንሱት ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ተማሪው 500 ቃል ተርኮ ሲያበቃ ለማነጻጸር የሚቀረው 300 ይሆናል። ሌላው ስሕተት «ይህ ምፀት ነው» ብሎ ማለፍ ነው። ምፀት ባልሽበት ቦታ ሁሉ በዚያች ቅጽበት ማን ያውቃል፣ ማን አያውቅም የሚለውን ጨምሪ።

ጥያቄ፦ ምፀት፣ ስላቅ፣ አሽሙርና ሰምና ወርቅ ልዩነታቸው ምንድን ነው? በአንዳንድ ጽሑፍ ሁሉም አንድ ሆነው አያለሁ። (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ መለያው «የሚነገርበት ሰው እንዲገባው ይፈለጋል ወይ?» የሚለው ነው። ስላቅ በግላጭ ይነክሳል። አሽሙር ዘወር ብሎ ይነክሳል፣ የታለመበት ሰው ግን ሊሰማው ግድ ነው፤ ካልገባው አሽሙሩ ከሸፈ። ሰምና ወርቅ በአንድ ኅብረ ቃል ሁለት ፍች ይዞ አድማጩን «ና ፍታኝ» ይለዋል። ምፀት ከሦስቱም ይሰፋል፤ በተባለውና በሆነው፣ በተጠበቀውና በመጣው መካከል ያለ ግጭት ነው። የሚናገረው ሰው ራሱ ላያውቀውም ይችላል።

ሞንትሬሶር ጓደኛውን ወደ መቃብሩ እየወሰደው ጽዋ አንሥቶ «ለረጅም ዕድሜህ» ይለዋል። ይህ አሽሙር አይደለም፤ ፎርቱናቶ ከገባው ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። የቃል ምፀት ነው። «ሳል አይገለኝም» ሲለው «እውነት ነው፣ እውነት ነው» ማለቱም እንዲሁ። የሁኔታ ምፀት የሚባለው በደብሊው ደብሊው ጄኮብስ «የዝንጀሮዋ መዳፍ» (1902) ላይ ጎልቶ ይታያል። አባት የቤቱን ዕዳ ለመጨረስ 200 ፓውንድ ይመኛል፤ ገንዘቡ ይመጣል፣ የመጣው ግን ልጁ በፋብሪካ መኪና ተይዞ በመሞቱ የተከፈለ ካሳ ሆኖ ነው። ድራማዊ ምፀት አንባቢው እያወቀ ገፀ ባሕርዩ ሳያውቅ የሚሄድበት ነው።

ዕድለ ቢስነትን ሁሉ ምፀት ማለት ይዘወተራል። መንገደኛ በዝናብ ቢበሰብስ አጋጣሚ ነው። ጃንጥላ ነጋዴ የመጨረሻዋን ጃንጥላ ለዚያ መንገደኛ ሸጦ ራሱ ቢበሰብስ ግን ምፀት ነው።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት አንድ ታሪክ ይዞ መጣ። ነፍሰ ጡር ሴት ባሏን በበረዶ በደረቀ የበግ እግር ገድላ ሥጋውን ለመርማሪዎቹ ጋብዛ አበላቻቸው ይላል። ልጄ ከት ብሎ ሳቀ፤ እኔ ደነገጥኩ። እንዴት ልርዳው? እንግሊዝኛዬም እንደሱ አይደለም። (እናት፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ልጅዎ የሳቀው ታሪኩ እንዲያስቅ ተደርጎ ስለተሠራ ነው፤ አይስጉ። የሮአልድ ዳል ጽሑፍ ነው፣ በ1953 የታተመ። ርእሱን እርስዎ ከልጅዎ በተሻለ ያውቁታል። «እንደ በግ ወደ መታረድ ተነዳ» የሚለው ነው፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ላይ ሆኖ የሚያነበው የኢሳይያስ ቃል። ይህን ለልጅዎ ይንገሩት፤ አስተማሪው ያላነሡት ሊሆን ይችላል።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ በዚህ ታሪክ በጉ ማን ነው? አራት መልስ ይቻላል። ስድስት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው፣ ለባሏ ስትላላክ የምናያት ሜሪ ማሎኒ ናት። ወይም በበግ እግር ተመትቶ የወደቀው ፖሊሱ ባሏ ፓትሪክ ነው። ወይም ወደ ማድ ቤት እየተነዱ የመግደያ መሣሪያውን የበሉት ባልደረቦቹ ናቸው። ወይም ደግሞ፣ ልጆች መጀመሪያ የሚሉት ይህን ነው፣ በምድጃው ውስጥ የተጠበሰው እውነተኛው በግ ነው። አንዱን መርጦ ከጽሑፉ ሦስት ማስረጃ ያምጣ። ዋናው ምፀት በመጨረሻ ይመጣል፤ መርማሪዎቹ አፋቸው ሥጋ እንደሞላ መሣሪያው አፍንጫችን ሥር ሳይሆን አይቀርም ይባባላሉ፣ ሜሪ በወዲያኛው ክፍል ሆና በሹክታ ትስቃለች። የሞተው ፓትሪክ ነው፣ የተሞኙት ግን እነሱ ናቸው።

ልጅዎ «ባልየው መጥፎ ስለነበር ይገባዋል» ካለ ያቁሙት። ፓትሪክ የነገራት ነገር በጽሑፉ የለም። አራት አምስት ደቂቃ ያህል እንደፈጀ ብቻ ይነገረናል፤ ቀጥሎ ገንዘብ እሰጥሻለሁ፣ የሚያስፈልግሽን አደርጋለሁ ይላል። ሊተዋት ነው ብለን የምንሞላው እኛ ነን።

እንግሊዝኛዎ አያሳስብዎ። ሃያ ደቂቃ ወስደው አንድ ክፍል ብቻ፣ ወደ ግሮሰሪ የምትሄድበትን፣ በአማርኛ እንዲነግርዎ ያድርጉ። ከመውጣቷ በፊት መስታወት ፊት ድምፅዋን ትለማመዳለች፤ ለሻጩ ለሳም ድንችና አተር እንደምትፈልግ፣ ባሏ ደክሞት እራት ቤት እንደሚበሉ ትነግረዋለች። ልጅዎ ሲተርክ መስታወቱን ከዘለለው ምፀቱ አልገባውም ማለት ነው፤ ያለዚያ ልምምድ ንግግሩ ተራ ግብይት ይሆናል።

ጥያቄ፦ እነዚህን ታሪኮች ወደ አማርኛ ልተረጉም አስባለሁ። ርእሶቹና ስሞቹ አስቸገሩኝ። (ጀማሪ ተርጓሚ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የጃክሰንን ርእስ «ዕጣው» ለማለት እጅዎ ሊቸኩል ይችላል፤ ያማረ አማርኛ ነው። ግን አይሻልም። ዕጣ ስንል ዕጣ ፈንታም አብሮ ይሰማል፣ አንባቢው ገና ከበሩ ይጠረጥራል። «ሎተሪ» ሲባል ግን ሰው የሚያስበው ብር ነው፤ ደራሲዋም የፈለገችው ይህንኑ ነው። ውስጥ ገብተው ሲተርኩ «ዕጣ» ይበሉ። ወረቀት ሲወጣ የዕቁብ ቀን የለመደ አንባቢ «ይድረሰኝ» ብሎ ይጠብቃል፤ እዚህ ሁሉም የሚጸልየው እንዳይደርሰው ነው። ግጭቱ ያለ ማብራሪያ ይሠራል።

ፎርቱናቶን ወደ «ዕድሉ» አይቀይሩት፤ ካርኒቫሉና የወይን ጠጁ ዋሻ የጣልያን ሆኖ ሰውየው የኛ ሰፈር ሰው ይሆንብዎታል። ይልቅ ሞንትሬሶር ሲያሞግሰው «አንተ እኮ ሀብታም፣ የተከበርክ፣ የምትወደድ ሰው ነህ» በሚለው ቦታ ላይ «ስምህን ያወጣልህ ዕድለኛ ብሎ አውቆ ነው» ዓይነት አንዲት ሐረግ ቢገባ ይበቃል ባይ ተርጓሚ አለ። እኛ ከጽሑፉ ውስጥ ከመጨመር የግርጌ መስመር እንመርጣለን።

አስቸጋሪው የግንበኛው ነገር ነው። ፎርቱናቶ ፍሪሜሶን የተባለው የምሥጢር ማኅበር አባላት ብቻ የሚያውቁትን ምልክት በእጁ ያሳያል፤ ሞንትሬሶር አልገባውም። «ከማኅበሩ አይደለህም?» ሲለው «ነኝ» ይልና ከካባው ሥር የግንበኛ መለሰኛ መሣሪያ ያወጣል። በእንግሊዝኛ ማኅበርተኛውም ድንጋይ ገንቢውም በአንድ ቃል ይጠራሉ። «ፍሪሜሶን» ብለው ከተዉት ቀልዱ ይሞታል። «ከግንበኞቹ ማኅበር አይደለህም?» ካሉት ግን ኅብረ ቃሉ በአማርኛም ይተርፋል፣ መሣሪያው ሲወጣ ወርቁ ይታያል።

ጥያቄ፦ አጫጭር ልብ ወለድ እጽፋለሁ። አንዱን መጨረሻ ሁሉም ቀድመው አወቁት፤ ሌላውን ደግሞ «ከሰማይ የወረደ ነው» አሉኝ። መሐሉን እንዴት ላግኝ? (ጸሐፊ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የሁለቱም በሽታ ምንጩ ንግር፣ ማለትም የሚመጣውን ቀድሞ የሚጠቁም ፍንጭ ነው፤ በአንዱ በዝቷል፣ በሌላው የለም። ለአጭር ልብ ወለድ ሦስት ንግር ይበቃል ብለው ይነሡ። የመጀመሪያው በታሪኩ አንደኛ አምስተኛ ክፍል ውስጥ ይግባ። እያንዳንዱ ንግር ደግሞ ሌላ ሥራ ይኑረው፤ ሥራ የሌለው ንግር ጣቱን ቀስሮ «እዩኝ» ይላል።

«ሎተሪው» ላይ ድንጋዮቹ ገና ሁለተኛው አንቀጽ ውስጥ አሉ። ወንዶቹ ልጆች ኪሳቸውን ይሞላሉ፣ ክምር ይሠራሉ። አንባቢው የልጆች ጨዋታ ብሎ ያልፈዋል፤ ድንጋዩ እዚያ ያለው ሥራ የበጋን ቀን ማሳየት ነውና። የዳል «አከራይዋ» (1959) ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። የ17 ዓመቱ ቢሊ ባዝ ወደምትባል የእንግሊዝ ከተማ ገብቶ ማደሪያ ሲፈልግ በአንድ መስኮት ውስጥ እሳት ዳር የተኛ ውሻና በቀቀን ያያል፤ ቤቱ ሞቅ ያለ መሰለው። የእንስሳቱ ሥራ እሱን ወደ ውስጥ መሳብ ነው። በኋላ ውሻው ሞቶ ቆዳው የተሞላ እንደሆነ፣ የምትሞላውም አከራይዋ ራሷ እንደሆነች ይሰማል። ሻዩ መርዝ የሚያስጠረጥር መራራ የለውዝ ጣዕም አለው። የእንግዶች መዝገቡ ላይ ከሱ በፊት የተጻፉት ሁለት ስሞች ብቻ ናቸው፣ ሁለቱም ዓመታት ያለፋቸው። አንዱም ምልክት ብቻውን አያጋልጥም፤ ሦስቱ ሲገጥሙ አንባቢው ይነቃል፣ ቢሊ ግን ሻዩን እየጠጣ ነው።

ልኩን በሰው ይፈትኑት። ለሦስት አንባቢ ይስጡና ሁለት ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ አስቁመው «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» ይበሏቸው። ሦስቱም ካወቁ አንድ ንግር ያውጡ፤ ብዙ ጊዜ መውጣት ያለበት ለመጨረሻው የቀረበው ነው። ጨርሰው ሲያበቁ ደግሞ «ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ምልክቱን አሳዩኝ» ይበሏቸው። አንዱም ማሳየት ካልቻለ መጨረሻው በርግጥ ከሰማይ ወርዷል።

ከዚህ ሌላ የመጨረሻ አንቀጽዎን በጥርጣሬ ይዩት። ምፀቱ ከፈነዳ በኋላ ገፀ ባሕርዩ የሚያዝንበት፣ ጎረቤት የሚፈርድበት፣ ፖሊስ የሚደርስበት ገጽ ካለ ይቁረጡት። ጃክሰን ሰዎቹ ቴሲ ላይ ሲደርሱባት ታቆማለች፤ ድንጋዩ ምን እንዳደረገ አትጽፍም። ዳል ሜሪ ተያዘች አልተያዘችም አይልም። የቢሊ ታሪክ የሚዘጋው ከሁለቱ ወዲህ ሌላ እንግዳ አልመጣም ወይ ብሎ ሲጠይቃት ነው። አከራይዋ ፈገግ ብላ «አይ የኔ ልጅ፣ አንተ ብቻ» ትለዋለች።